የቀለም ነካሪው ጎመን ለየትኛው ወገን ይቆጠር?

የክር ማቅለሚያ ድርጅት ሠራተኞች ጤና ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን
ቦታ፦ የክር ማከማቻ ክፍል (የአዳራሹ ግድግዳ ተቀብቶ አልደረቀም)። ሰብሳቢው ወንበር ላይ፣ የቀረነው ጥቅል ክር ላይ ተቀምጠናል።
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 3፡40 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. የምርት ኃላፊው፣ ሰብሳቢ
2. በያጁ፣ የላይኞች ብሔረሰብ ተወካይ
3. የካፍቴሪያ ኃላፊዋ እትዬ፣ የታችኞች ብሔረሰብ ተወካይ
4. ቀለም ነካሪው ጋሼ፣ አባታቸው ላይኛ እናታቸው ታችኛ ስለሆኑ የማንም ተወካይ ያልሆኑ
5. የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የላትም። የጋሼ ባለቤት መሆኗ ቃለ ጉባኤውን እንደማያዛባው ሰብሳቢው ተስፋ አድርገዋል።
በእንግድነት፦ ከሆስፒታል የመጡት ሲስተር

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አጀንዳው ሲጸድቅ ጋሼ “አንዴ ልውጣ” ብለው ወጥተው ተመልሰዋል።

አጀንዳ 1፦ የሲስተር ማብራሪያ

ሲስተር እንዳስረዱት፣ ሆስፒታላቸው የተለያየ ብሔረሰብ ሰዎች የሚበሉት አትክልትና ፍራፍሬ ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖር እንደሆነ እያጠና ነው። መልሱ ገና አልታወቀም፤ የሚጠናውም ስላልታወቀ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የበላውን ለየብቻው ቅጽ ላይ ይሞላል።

ሰብሳቢው በዚህ ድርጅት ማንም ለየብቻው ምንም ሞልቶ እንደማያውቅ፣ የደንብ ልብስ ልክ እንኳ በኮሚቴ ጸድቆ እንደሚላክ ገለጹ። በያጁ በድምፅ ብልጫ 41 ቁጥር ጫማ ተወስኖባቸው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳነከሱ አስታውሰው ቅሬታ አቀረቡ። ቅሬታው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብሏል።

ውሳኔ፦ ቅጹ በብሔረሰብ በብሔረሰብ ተከፍሎ በድምፅ ይሞላ።

አጀንዳ 2፦ በቀን የሚበላ የአትክልት መጠን

በያጁ ላይኞች በቀን ሁለት ሰሃን እንደሚበሉ አስመዘገቡ። እትዬ ታችኞች ሦስት ነው አሉ። በያጁ የቁርሱን ረስተውት እንደነበር ገልጸው አምስት አደረሱት። ከዚህ በኋላ ነገሩ ጨረታ ሆነ። ላይኞች በአሥራ አንድ ሰሃን ጎመን፣ ታችኞች በአሥራ አንድ ሰሃንና በዘጠኝ ሙዝ ቆሙ። ሲስተር ይህን የሚበላ ሰው መቼ እንደሚሠራ ጠየቁ። በያጁ “እየበላን ነው የምንበይደው” ሲሉ መለሱ።

እትዬ ላይኞች ካሮት በአፋቸው ዞሮ እንደማያውቅ ተናገሩ። “አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰሃን ጥግ ካሮታችሁን የጠረግኩት እኔ አይደለሁ?” በያጁ ጥፋቱ የበላተኛው ሳይሆን የቀቃዩ መሆኑን አመለከቱ። ሰብሳቢው ጠረጴዛ ሊመቱ ፈልገው ጠረጴዛ ባለመኖሩ ጉልበታቸውን መትተዋል።

ሲስተር እንዲህ ከተዋሸና ከመካከላችን የታመመ ከተገኘ ጥናቱ በሽታውን በጎመን ላይ እንደሚያሳብብ አስጠነቀቁ። ማስጠንቀቂያው በምስጋና ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ጋሼ ለማን ይቆጠሩ?

ጋሼ በየቀኑ ምሳ ዕቃቸውን ጎመንና ካሮት ሞልተው እንደሚመጡ የታወቀ ነው። (ምሳ ዕቃውን የምትሞላው ጸሐፊዋ መሆኗ በጸሐፊዋ ጥያቄ ተመዝግቧል።) በያጁ ሰው የሚጠራው በአባቱ ነው አሉ። እትዬ “ማን አጠባው ታዲያ?” ሲሉ ጠየቁ። ጋሼ በዚህ መሃል ለሦስተኛ ጊዜ ወጥተዋል።

ውሳኔ፦ ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ጋሼ በሌሉበት፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ላይኛ፣ በቀሩት ቀናት ታችኛ ሆነው እንዲበሉ። እሑድ ያርፋሉ።

አጀንዳ 4፦ የቅጹ ጥያቄ 14፣ “በሽንትዎ ውስጥ ደም አይተው ያውቃሉ?”

ሁለቱ ተወካዮች በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው፣ ለወገን ክብር ሲባል ሁሉም “አላየሁም” ብሎ እንዲሞላ በሙሉ ድምፅ ሊወሰን ሲል፣ ተመልሰው የገቡት ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

“እኔ አይቻለሁ” አሉ።

ሲስተር ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼ አራት ወር እንደሆነው፣ ስላላመማቸው “ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል” ብለው እንደተዉት ገለጹ።

በያጁ ወዲያው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንስተው፣ እንዲህ ያለው ነገር በእናት በኩል እንደሚመጣ አስረዱ። እትዬ በእናት በኩል ያሉት ሁሉ ጤነኞች እንደሆኑና ነገሩ የአባት እንደሆነ በእርግጠኝነት ተናገሩ። በአጀንዳ 3 የተከፋፈሏቸውን የጋሼን ቀናት ሁለቱም መልሰዋል።

ውሳኔ፦ ጋሼ ለማንም እንዳይቆጠሩ።

ሲስተር ስለ ጎመኑ እውነቱን ጠየቋቸው። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጎመኑን ላለፉት ስድስት ዓመታት የበላችው የዘበኛው ፍየል መሆኗን አመኑ። ሲስተር ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ፣ ቀለሙንም በባዶ እጅ ይነክሩ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው እነዚህ በአጀንዳ እንዳልተያዙ አሳሰቡ። ጋሼ ግን ለሁለቱም “አዎ” ብለዋል።

ሲስተር ደም ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ጠጠርም ኢንፌክሽንም ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ስለሌለው ዛሬውኑ መመርመር እንዳለባቸው ተናገሩ።

ጸሐፊዋ ድምፅ እንደሌላት ሰብሳቢው ቢያስታውሷትም ተናግራለች። “አራት ወር ሙሉ አጠገቤ እየተኛህ! ለምንድነው ያልነገርከኝ?”

ጋሼ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ትበላለህ ብሎ እንደሆነ፣ ቢነግሯት ሐኪም ቤት አብራ ስለምትሄድ፣ እሷ አጠገባቸው ቆማ ስለ ፍየሏ ማውራት እንደከበዳቸው መለሱ።

ጸሐፊዋ ስቃለች። ቀጥሎ አልቅሳለች። ሁለቱም በቃለ ጉባኤ ይያዙ አይያዙ የሚል መመሪያ የለም። እጅግ ፈርታለች።

በያጁ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ባዶ ቅጽ ይሰጣቸው ዘንድ ሲስተርን በጆሯቸው ጠየቁ። እትዬም ሁለት ወሰዱ፤ አንዱ ለእህታቸው ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ፣ አሥራ አንዱን ሰሃንና ዘጠኙን ሙዝ ጨምሮ፣ ተሽሯል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን እውነት ለብቻው ይሙላ።

ስብሰባው 5፡10 ላይ የተበተነው ጸሐፊዋ ተነስታ ስለወጣች ነው። ይህ የመጨረሻ ገጽ የተጻፈው ሆስፒታል ወረፋ ላይ፣ ጋሼ ለናሙና ገብተው ሳለ ነው። እሳቸው እስኪወጡ ቅጻቸውን የሞላችው ጸሐፊዋ ናት። አትክልት በሚለው ላይ “የለም” ብላለች። ጥያቄ 14 ላይ “አዎ” ብላለች። ብሔረሰብ በሚለው ክፍት ቦታ ላይ “የእኔ” ብላ ጽፋለች።