«አልመጣም» ያለው አንድ ሰው

ወሎ ውስጥ «እምቢ» ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መጀመሪያ የጠያቂያችሁን ጤና፣ ቀጥሎ የልጆቹን፣ ቀጥሎ የላሚቱን ጤና ትጠይቃላችሁ። «ላንተ ያልሆነ ለማን ሊሆን!» ትላላችሁ። ትከሻውን ታቅፋላችሁ። ከዚያ «ኢንሻአላህ» ብላችሁ ትለያያላችሁ፤ በዚያች ቃል ውስጥ እሺ ይኑር እምቢ ጠያቂው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ይደርስበታል። እኔ ሃምሳ ምናምን ዓመት ደሴ ስኖር ፊት ለፊት «አልመጣም» የተባልኩት አንዴ ብቻ ነው። እሱም አገሩን ገና ያልለመደ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ለእንዲህ ዓይነት ሕዝብ «እመጣለሁ» እና «አልመጣም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ብቻ ያሉት ድረ ገጽ ሠርቼ ሳቀርብ ምን ነክቶኝ ነበር?

የነካኝ እንኳ ይታወቃል፤ ሥልጠና ነው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የድረ ገጽ ሥራ ሥልጠና ገባሁና የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። በፍሬም አስገብቼ ቤቴ ሳሎን ሰቀልኩት። አዲስ ነገር የተማረ ሰው ያወቀውን ካላሳየ ያመዋል። እኔንም እያመመኝ ሳለ ነው ኮምቦልቻ የምትኖረው እህቴ ዘይነባ ደውላ «ሐያትን ልንድራት ነው» ያለችኝ። ሐያት የዘይነባ አንድ ልጇ ናት። አባቷ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። ታዲያ አጎትየው ምን ይበል? «የጥሪ ካርድ የሚባል ነገር እንዳታሳትሙ! ድረ ገጹ በኔ!» አልኩ።

ድረ ገጽ መሥራት ድሮ ድንጋይ ጠርቦ ቤት እንደ መሥራት ነበር አሉ። ዛሬ ቤቱ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ የናንተ ፋንታ ልብሱን መምረጥ ነው። ልብሱን «ቴም» ይሉታል። መጀመሪያ የመረጥኩት ቴም ላይ ሙሽራና ሙሽሪት በባዶ እግራቸው ባሕር ዳር ይሮጣሉ። ዘይነባ አየችና «ውይ፣ እነዚህን ደግሞ ምን አባሯቸው ነው?» አለች። እነሱን አውርጄ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሰቀልኩ። ቀለሙን ቀየርኩ። መልሼ ቀየርኩ። ጽጌረዳ ቀለም ላይ ሐሙስ ዕለት ተስማምተን ዓርብ ጠዋት «ሰይዶ፣ ቆይ እስኪ፣ አረንጓዴውን መልሰህ አሳየኝ» ተባልኩ። ወላሂ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም!

ፕለጊን የሚባለው ደግሞ አለላችሁ። ተሰኪ ማለት ነው፤ ሰካ ስታደርጉት ገጹ ትናንት የማያውቀውን ሙያ ዛሬ ያውቃል። ለሰርጉ የቀረውን ቀን የሚቆጥር ሰዓት ሰካሁ። ሙዚቃ ሰካሁ። ከላይ እየተንሳፈፈ የሚወርድ ነጭ አበባ ሰካሁ። አበባው ለካ አበባ አልነበረም። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ አሮጊት፣ የቤቴን በር ቆርቁረው መጡና «ሰይዶ፣ ኮምቦልቻ በረዶ መጣል ጀመረ እንዴ? ቆላ ነው ብዬ ጋቢዬን ጥዬ ልሄድ ነበር እኮ!» አሉኝ።

የመጨረሻው ተሰኪ ያ ጉደኛው ነው። ተጋባዡ ስልኩ ላይ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» የሚለውን ይነካል፤ ገጹ ቆጥሮ ለሁሉም በሚታይ ቦታ «እመጣለሁ» ያሉትን በአረንጓዴ፣ «አልመጣም» ያሉትን በቀይ ይጽፋል። ማን ምን እንደነካ ግን ስም አይናገርም፤ ስም የሚናገረው በክፍያ የሚገኘው ነው፣ የኔ የነፃው ነው። እሱን ሰካሁና፣ ደህና መሥራቱን አረጋገጥኩና፣ በማግስቱ የገጹን አድራሻ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በተንኩት።

ስልኬ ጦፈ። «ማሻአላህ» የሚለው ብዙ ነው፤ ቀጥሎ ግን የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኢንሻአላህ የቱ ጋ ነው የሚነካው?» ለካ ሰዉ ሁለቱን ቁልፍ እያየ ጣቱን አንጠልጥሎ ቀርቷል! «እመጣለሁ» ቢል ነገን በእጁ የያዘ ይመስልበታል፤ «አልመጣም» ቢል ከሰው ተራ ይወጣል። እትዬ ጥሩወርቅማ ተቆጡ፤ «እግዜር ካለ ሳልል ነው ደፍሬ እመጣለሁ የምልልህ?» ዕድሜ ለሥልጠናዬ፣ ሦስተኛ ቁልፍ ጨመርኩ፤ «ኢንሻአላህ፣ እግዜር ካለ» የሚል። በቢጫ። ቢጫው እስከ ማታ ገጹን አጥለቀለቀው። «እመጣለሁ» ያሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ሙሽራውና ሙሽሪት። ሙሽራውም ኋላ ደውሎ «ጋሼ፣ የኔን ወደ ቢጫው መለወጥ ይቻላል?» አለኝ።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ነው ዘይነባ የደወለችው። ድምጿ ሌላ ነው።

«ሰይዶ፣ ቀይዋን አየሃት?»

አየኋት። «አልመጣም»፣ አንድ።

ይህን ሁሉ ወገን ጠርተን አንድ ሰው በአደባባይ «አልመጣም» ብሏል! «ልሰርዛት» አልኳት። «ሰው ይቅርታ ይጠየቃል እንጂ ይሰረዛል?» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። የበደለውን ያስታወሰ ሁሉ «በኔ ተቀይሞ ይሆናል» ብሎ የበደለው ሰው ቤት ሄደ። ሰኞ ገበያ ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው፣ ባንድ የሱቅ ጥላ ምክንያት የተኳረፉ ሁለት ያክስቶቼ ልጆች «አንተ ነህ?»፣ «ኧረ አንተ ነህ!» ሲባባሉ ሳቁና ታረቁ። የዘይነባ ጥርጣሬ ግን አንድ ቦታ ተተክሎ አልነቀል አለ።

ከደሴ ማዶ ገራዶ፣ አባባ እንድሪስ ቤት።

አባባ እንድሪስ የሟቹ የሐያት አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። ወንድማቸው ሲሞት «ከአባቶቹ ጎን ገራዶ ይቀበር» አሉ፤ ዘይነባ «ደጄ ላይ፣ ኮምቦልቻ» አለች። እሷ ያለችው ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰው ለቅሶ ላይ ካልተገናኙ በቀር አንዱ ያንዱን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ሐያት ግን አባባ እንድሪስን እንደ አባቷ ነው የምታየው። «እሳቸው እጃቸውን ጭነው ካልመረቁኝ ከቤት አልወጣም» ብላለች፤ ቃሏን ደግሞ የምታጥፍ ልጅ አይደለችም። ዱአ ሳይደረግላት የምትወጣ ሙሽራ በኛ አገር ጉዞዋን ሳትጀምር እንደ ደከመች ናት። እና እኔ ጉደኛው፣ ለኚህ ሽማግሌ ጥሪውን እንዴት አደረስኩ መሰላችሁ? በሴት ልጃቸው ስልክ፣ የገጹን አድራሻ ልኬ!

ሰርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ዘይነባን ይዤ ገራዶ ሄድኩ። ሐረጎን ከኮምቦልቻ ስትወጣ አልቅሳ ደሴ ስትደርስ ዓይኗ አብጧል። ሽማግሌው በራቸው ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ዘይነባ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አፉ ይበሉኝ አባባ! እኔን ይቅጡኝ፤ ልጅቱን ግን አልመጣም አይበሏት!»

«ማን? እኔ?» ዱላው ከእጃቸው ወደቀ። «አልመጣም ያለውን ልጄ ካነበበችልኝ ጊዜ ጀምሮ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ! የወንድሜን ልጅ ማን ነው የናቃት ብዬ ይሄው ዱላዬን እወለውላለሁ!»

«ታዲያ እርስዎ የቱን ነኩ?» አልኳቸው እኔ።

«ምንም አልነካሁ። ሰይዶ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ይሄ የላክልኝ ነገር እግር አለው?»

«የለውም አባባ።»

«ጥሪ በእግር ነው። ሰው መጥቶ እስኪጠራኝ ስጠብቅ ነበር። ባትመጡ አልመጣም ነበር፤ አልመጣም ብዬ ግን አላሳፍራትም።»

አፈር ሆንኩ። እሳቸው ዘይነባን በክንዷ አነሷት። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም የራሴን አለቀስኩ። «ያንቺም ደጅ የወንድሜ ደጅ ነው» አሏት። «የትም ይተኛ። የልጁን ሰርግ ከኮምቦልቻም ከገራዶም እኩል ይሰማዋል።» ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ደስታ ሲበዛ ሰው ቴም መቀየር ያምረዋል። ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ቁጭ ብዬ የገጹን ማስተዳደሪያ ስነካካ፣ ከቀይዋ ቁጥር ጎን ከዚያ በፊት ልብ ያላልኳት ትንሽ ቀስት አየሁ። ነካኋት። ስም የላትም፤ ቀን ግን አላት። «አልመጣም» የተባለው ማክሰኞ ከቀትር በፊት ነው። አድራሻውን ለሰው የላክሁት ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ያ ቁልፍ መኖሩን በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ያ ረቢ!

ትዝ አለኝ። ተሰኪውን እንደ ሰካሁ ደህና መሥራቱን ልሞክር ብዬ መጀመሪያ አረንጓዴውን ነካሁ፤ ቀጥዬ ቀዩን ነካሁ። ገጹ ከአንድ ስልክ አንድ መልስ ነው የሚይዘው፤ የመጨረሻውን። ለሐያት ሰርግ «አልመጣም» ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጥቻለሁ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? የወጋሁት እኔ፣ የረሳሁት እኔ፣ አስታራቂ ሆኜ አገር ያዳረስኩትም እኔ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ልንገራቸው ብዬ ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ ያክስቶቼ ልጆች ትዝ አሉኝ። ገራዶ ትዝ አለችኝ። በሙከራ ነው የታረቃችሁ ብላቸው ተመልሰው ይጣሉስ? ስልኩን አስቀመጥኩ። ቀይዋንም አልነካኋት፤ ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ብዬ ተውኳት።

የሰርጉ ዕለት አባባ እንድሪስ ከሁሉ ቀድመው ኮምቦልቻ ደረሱ፤ ዱላቸው ያብለጨልጫል። በቢጫ «ኢንሻአላህ» ያሉት ሁሉ መጡ፣ ያላሉትም መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን ደርበው ነበር። ሐያት ልትወጣ ስትል ሽማግሌው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«አላህ ያጽናችሁ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ። አባትሽ የጎደለበትን እሱ ይሙላው።»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ። ሐያት እንባዋን መያዝ አቃታት፤ እኔም አቃተኝ። ጨረሱ ስንል ቀና ብለው አንድ ጨመሩ።

«ያንን አልመጣም ያለውን ባሪያህንም ልቡን አራራው! ካለበት አምጣው! ከኛ ጋር አብላው!»

ሁለተኛ ሰሃኔን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነበር። «አሚን!» አልኩ። ከድንኳኑ ሁሉ የኔ ድምፅ በለጠ መሰለኝ፤ ሰው ዞር ዞር ብሎ አየኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጎኔን ነካ አድርገው «አይ ሰይዶ፣ ይባርክህ» አሉኝ፤ «ለዚያ ለክፉው እንኳ እንዲህ ታዝንለታለህ?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ሰው ነው እኮ» አልኩና ሰሃኔን አነሳሁ።