ባዶውን የማይሸኘው ቡልቻ

በየሰፈሩ አንድን ነገር እንዳለ መተው የማይችል ሰው አይጠፋም። ሻይ ስትሰጡት ጤና አዳም ይነክርበታል። «እንደምን አደርክ» ስትሉት እስከ ጎረቤታችሁ ድመት ድረስ ጠይቆ ነው የሚለቃችሁ። የጫማውን ክር እንኳን አበባ አስመስሎ ያስረዋል። እኔ ብዙ አገር ያየሁ ሰው ነኝ፤ ማለቴ ከዚህ ከከተማችን ወደብ እስከ ሞጆ ያለውን በሙሉ። ይሄ ሰው የሌለበት ሰፈር አላጋጠመኝም። የእኛ ሰፈር፣ የካርቲየ 6ቱ ግን የሁሉም አለቃ ነው፤ ክቡር ሊቀ ጠምዛዦች ቡልቻ!

ቡልቻ ፎቶ ቤት አለው። ፎቶ ያነሳል፣ ባነር ይሠራል፣ የሰርግ ካርድ ያትማል። ሥራው ይሄ ነው፤ ሱሱ ግን ጥምዝ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶሾፕ የሚሉትን ይከፍትና አንዲት ነጥብ ይተክላል። ከነጥቧ ግራና ቀኝ እንደ ጥንዚዛ ቀንድ ይወጣል። ቀንዱን በማውሱ ይዞ ሲጎትተው ቀጥ ያለው መስመር ወገቡን ይሰብቃል። ጫፉን እንደ ሐረግ ይጠቀልለዋል፣ ግልባጩን ያወጣል፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያፋጥጣቸዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን አንዴ አይቼ ገብቶኛል። ለምን አይገባኝ? በዚያ ሁሉ ኩርባ ተሳቢ እየጎተትኩ ያረጀሁ ሰው! አንድ ጊዜማ ኩርባው ላይ ግመል ተኝቶ... የግመሉን ነገር ተዉት።

«በቃ ቡልቻ፣ አምሯል» ስትሉት መልሱ አንድ ነው። «ባዶውንማ አይሄድም! አንዲት ጥምዝ ብቻ!»

ጎማ ሻጩ ሙክታር ባነር አዘዘው። ባነሩ ሲዘረጋ ጎማዎቹ በወይን ሐረግ ተጠቅልለው፣ በወርቃማ ጥምዝ ታጅበው ብቅ አሉ። ሙክታር ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ ቆሞ አየው፣ አየው።

«ወርያ ቡልቻ! ጎማ ልሽጥ ነው ወይስ ልድር ነው?»

«ሙክታር፣ ባዶውንማ አይሄድም።»

«ዋላሂ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ነው የሚገቡልኝ!»

ሰቀለው ግን። እስከ ዛሬ ተሰቅሏል።

የእኔንም የመንጃ ፈቃድ ኮፒ እንዲሁ በሐረግ ከቦልኛል። ኬላ ላይ ፈታሹ አገላብጦ አየና «አባባ፣ ዲፕሎማ አለዎት እንዴ?» አለኝ። ሰው አላሳፍርም፤ ጢሜን አሻሽቼ ሞተሬን አስነሳሁ።

ታዲያ አንድ አርብ ከሰዓት ሲምቦ መጣች። ሲምቦ እዚሁ ከተማ ሰው ቤት እያደረች የምትሠራ ልጅ ናት። አገር ቤት አንዱ ወሬኛ «የመን ልትሻገር ስትል ጀልባው ሰጥሞ ቀርታለች» ብሎ ለእናቷ አርድቷል። ደውላ «አለሁ» ብትል እናትየው «ድምፅማ ማንም ያስመስላል፤ የልጄን ፊት ሳላይ ጥቁሬን አላወልቅም» አሉ። እህልም ትተዋል። እዚያ ገጠር ደግሞ በስልክ ምስል አይገባም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የአገሯ ልጅ ባንቲሁን በማግስቱ ጠዋት ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ድንበር ተሻግሮ ወደ አገር ቤት ይሄዳል፣ ፎቶዋን በእጁ ወስዶ ይሰጣቸዋል።

ቡልቻ አነሳት። «ለእናትማ ባዶውን አይሄድም!» ብሎ ወንበሩን ሳበ። በአራቱም ማዕዘን ሐረግ፣ ከራሷ በላይ የአበባ ጉንጉን፣ ዙሪያዋን ነጭ ደመና። አትሞ ሲሰጣት ፊቱ ያበራል።

ሲምቦ ፎቶውን ከዓይኗ አራቀችው።

«አልወደድሽውም እንዴ?»

«ቡልቻ ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሚቆመው ነው። እናቴ ይሄን ካየች አበቃላት!»

እውነቷን ነው። እኛ አገር የሰው ፎቶ በሐረግና በአበባ የሚከበበው አንድም ሲያገባ ነው፣ አንድም ሲሞት። ከሲምቦ ጎን ደግሞ ሙሽራ የለም። እኔማ ገና ሲጀምረው አይቼዋለሁ፤ በሰው ሙያ ጣልቃ አልገባም ብዬ ነው።

ቡልቻን ላብ አጠመቀው። ደመናውን አጠፋ። ጉንጉኑን አጠፋ። የማዕዘኖቹን ሐረግ ሲያነሳማ የገዛ ጥርሱ የሚነቀል ይመስል ዓይኑን ጨፈነ። በቃ ተገላገልን ስል፣ እጁ ሳያስበው ግርጌ ላይ አንዲት ነጥብ ተከለ።

«ቡልቻ!» አልኩት።

«ትንሽዬ ናት ጋሼ...»

«ተወኝ ወንድሜ፣ እንዳለሁ አድርገኝ» አለች ሲምቦ። ዕንባዋ መጥቷል።

ነጥቧን አጠፋት። አሁን ፊቷ ብቻ ቀረ፤ ከሻሿ አምልጣ ግንባሯ ላይ የተጠመዘዘች አንዲት የጸጉር ዘለላም አለች። ሊያጸዳት ማጥፊያውን አስጠጋ። አስጠግቶ ቆመ።

«ይቺንስ አልነካትም» አለ ቀስ ብሎ። «ይቺን የሳላት ሌላ ነው።»

ባንቲሁን ከደረሰ በኋላ ሲምቦ እየሮጠች መጣች፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም። እናትየው ፎቶውን ይዘው ወደ ብርሃን ወጡ አሉ። ከዚያ ያቺን ዘለላ በጣታቸው ነክተው «በቅቤ ላስተኛት ብል እምቢ ብላ ያደገችው ናት! ልጄ ናት!» ብለው ጥቁሩን ወረወሩት። ቡልቻ ጀርባውን ሰጥቶን ኮምፒውተሩን ይጠርግ ጀመር፤ አቧራ እንኳን አልነበረውም።

በማግስቱ ጢሜን አበጥሬ ሄድኩ።

«አንሳኝ።»

«ለምን ነው ጋሼ?»

«ድንኳን ውስጥ ለሚቆመው። አንተ ካልሠራኸው ማን ይሠራልኛል? የእኔን እንዳለ እንዳትተወው፤ ባዶዬን እንዳትሸኘኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ክፉ አይናገሩ!» አለኝ፤ ግን ማውሱን ይዟል። ጉሮሮውን ጠርጎ አንዲት ነጥብ ተከለ። «እሺ... አንዲት ጥምዝ ብቻ?»

«አንዲት?» አልኩት። «ያለፍኩበትን ኩርባ በሙሉ ነው እንጂ! ግመሉንም ጨምረህ።»