ሊቀ ሚዛን ወንዳወቅና ስድስቱ ጣሳ በርበሬ

በየሰፈሩ አንድ መዛኝ አይጠፋም። ሰው ሁሉ በእፍኝ ዘግኖ፣ በጣሳ ሰፍሮ በሰላም ሲኖር፣ እሱ ግን "ስንት ግራም?" እያለ እንቅልፍ ያጣል። ለእኛ ለፍኖተ ሰላሞቹ የደረሰን ሊቀ ሚዛን ወንዳወቅ ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛው ነን፤ ጥፋቱም የእኛው።

ሠላሳ ዓመት እህል መጋዘን ውስጥ ጤፍ ሲመዝን ኖሮ ጡረታ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ አሰናበተው እንጂ መመዘኑ አልለቀቀውም። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ገዝቶ፣ በብብቱ ሸጉጦ ማጀት ለማጀት ይዞር ጀመር። ወንድ ልጅ! ያውም ሽማግሌ! የሰው ድስት ከፍቶ ያያል!

"ጨው ስንት አደረግሽበት?"

"እንደ እጄ ነዋ፣ አያ ወንዳወቅ።"

"እጅሽ ስንት ግራም ይይዛል?"

ምን ተብሎ ይመለሳል? አንዴ ለአራስ የመጣ ቅቤ መዝኖ "ሃያ ግራም ይጎድላል" ብሎ አማቲቱን አስለቀሳት። ሴትዮዋ እኮ ከጅጋ ድረስ በእግሯ ተሸክማ ያመጣችው ነው! ሰው ሲቆጣው ወንዳወቅ የሚመልሳት አንዲት ቃል ናት፤ "ጣሳ ፊት ያያል፤ ሚዛን ፊት አያይም።"

ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት በልጄ በያምሮት ሠርግ የሠራኝን ነው።

ዘመኑ ዘጠና አምስት ነው። ሙሽራው የቡሬ ልጅ፣ አማቾቼም ወጥ አዋቂዎች። የሠርግ ወጥ ከተበላሸ ለሰባት ዓመት ወሬ ይበቃል። ስለዚህ ከማንኩሳ ወጥ ሠሪዋን እትዬ ማሚቱን አስመጣሁ። የእሳቸው መስፈሪያ ጎኗ የተሰረጎደ አንዲት የዘይት ጣሳ ናት።

"ለአንድ ጎላ ድስት ስድስት ጣሳ በርበሬ" አሉኝ።

በርበሬው ግን ከዙለይካ ሱቅ የሚገዛው በኪሎ ነው። ወንዳወቅ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ከተፍ አለ። "እኔ እቀይረዋለሁ!" ጣሳዋን ጤፍ ሞልቶ መዘነ፤ ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም። በስድስት አባዛ። አምስት ኪሎ ከመቶ ግራም በርበሬ ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ "የአንድ ድስት" ብሎ ጻፈበት። ጣሳዋንማ "ከእንግዲህ አታስፈልግም" ብሎ ወስዶ ቤቱ ቆለፈባት።

የሠርጉ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ እትዬ ማሚቱ ቅዳሴ ሄደው ሳሉ የሚያግዟቸው ልጃገረዶች ፌስታሉን እንዳለ ቁሌቱ ላይ ገለበጡት። እትዬ ማሚቱ ሲመለሱ ገና ከበሩ ሦስቴ አነጠሱ።

"ስድስቱን ማነው አሥር ያደረገው?"

"በግራም ልክ ነው" አለ ወንዳወቅ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"በምን መዘኑት?"

"በጤፍ።"

"በጤፍ! በርበሬ እንደ ጤፍ ይከብዳል? እንደ እርስዎማ ከሆነ አንድ ቁና ገለባና አንድ ቁና ስንዴ እኩል ናቸው!"

 ለካስ ወንዳወቅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ከጤፍ በቀር መዝኖ አያውቅም! እኔን ደግሞ የቡሬ አማቾቼ እንባቸውን ሲጠርጉ ከወዲሁ ታዩኝ። "ይህን ሰው አውጡልኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ወጣ። የተደበቀ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክሞ፣ ጣሳዋን በጣቱ አንጠልጥሎ ተመለሰ። በአዲስ ጋቢው እትዬ ማሚቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑ እስኪቀላ ከተፈ። ሽንኩርቱ ለብቻው ቁሌት ተሠራ፤ በርበሬ የበዛበት ቁሌት ከእሱ ጋር ተደባልቆ ለሁለት ድስት ተከፈለ። አማቾቼ ስድስት ሰዓት ላይ ገቡ፣ በሉ፣ ደገሙ። ትልቁ አማት "የሠራው እጅ ይባረክ" ሲሉ ወንዳወቅ አንገቱን ደፋ።

ለሙሽራዋ ስጦታ ሲሰጥ ሚዛኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ለያምሮት አስረከባት። ከላዩ ወረቀት አለ፦ "የእትዬ ማሚቱ ጣሳ። ጤፍ ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም። በርበሬ አምስት መቶ። ጨው አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ። ልጄ፣ ሁሉም ለየብቻው ይመዘን።"

በማግስቱ ባዶ እጁን እኔ ዘንድ መጣ። ሻይ ሰጠሁት። ስኳሩን በማንኪያ ይዞ ብዙ አየውና፣ "አሥር ግራም ይሆናል መሰለኝ፣ እታለም" አለኝ።

መሰለኝ! ወንዳወቅ "መሰለኝ" አለ! ደሜ ፈላ። ማን ፈቀደለት? ነጠላዬን ጣል አድርጌ ዙለይካ ሱቅ ገሰገስኩ፤ ሚዛን ገዝቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ምስጋና የለ፣ ምን የለ። ጎንበስ ብሎ ሳህኖቹን በአንድ ዓይኑ አስተያየ።

"ይቺ ደግሞ ፊት ታያለች" አለ፤ "አምስት ግራም ወደ ግራ ታዳላለች።"

እፎይ አልኩ።