«ውሃም ቢሆን ታቀብል»

የሀበሻ አባት ልጁን በሰው ፊት ያመሰግናል ያላችሁ ካለ፣ ወይ ሀበሻ አያውቅም ወይ ሊበደራችሁ ነው! እኛ ዘንድ ምስጋና ለለቅሶ ቤት የተቀመጠ ዕቃ ነው። በቁሙ «ሰነፍ» ሲባል የኖረ ሰው ሲሞት «እንደሱ ያለ የለም» ይባልለታል። አባቴ ደሴ ላይ ለቁርአን አስተማሪዬ ሲያስረክበኝ ምን አለ መሰላችሁ? «ይኼ ደነዝ ነው፤ ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የኔ።» በቃ፣ የምዝገባ ፎርሙ ይኸው ነው! ታዲያ ፊደሉን ቶሎ ስይዝ ሼኹ ጉድ አሉ። አያችሁ ብልሃቱን? ልጅህን አስቀድመህ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ትንሽ ነገር ሲሠራ ተአምር ይመስላል። ይህንን የአባቴን ጥበብ ይዤ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ድረስ መጣሁ። ኤርፖርት ላይ ማንም አልፈተሸኝም።

ልጄ ሐያት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ከዋይንላንድ ፓርክ ወደ ዎርዝንግተን ተዛወርን። ቤቱ ሰፋ፣ ፓርኪንጉ ሰፋ፣ የልጄ ፊት ግን ጠበበ። ጓደኞቿን በሙሉ እዚያው ትታ ነው የመጣችው። የደረሰችበት ባለቤቴ ዘሃራ ናት።

«ይቺ ልጅ ምሳዋን ላይብረሪ ነው አሉ የምትበላው» አለችኝ። «ብቻዋን።»

ወላሂ፣ በማግስቱ የምሠራበት ዌርሃውስ መጋዘን ገብቼ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ስነዳ ፊቴ ያለው ፓሌት አልታይ አለኝ። ልጄ መጻሕፍት መሃል ተሸጉጣ ሳንዱች ስትገምጥ ነው የምትታየኝ። ሱፐርቫይዘሬ «ዛሬ ምን ሆነሃል?» እስኪለኝ ድረስ!

በሳምንቱ ሐያት እራት ላይ ቀና ብላ «ዳድ፣ ለቺርሊዲንግ ትራይአውት ላደርግ ነው» አለች።

«ምንድነው እሱ?»

«ቡድኑ ሲጫወት ዳር ቆመው ሕዝቡን የሚያስጮሁት።»

«ሠርተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኔቨር።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

ሹካዋን ወዲያ ወዲህ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቢኮዝ ዘይ ኢት ላንች ቱጌዘር» አለች።

ምሳ አብረው ስለሚበሉ! አንጀቴን በላችው። ስለ ቀሚሱ ማጠር ልትጠይቅ አፏን ከፍታ የነበረችው እናቷም መልሳ ዘጋችው። በኋላ ለቡድኑ አሠልጣኝ፣ ለኮቿ፣ ኢሜይል አደረገች፤ «ረጅም ሱሪም ሻርፕም ይቻላል» የሚል መልስ መጣ። አልሐምዱሊላህ። የቀረው ችግር አንድ ብቻ ነበር። ልጅቷ ምንም አለመቻሏ!

ለትራይአውቱ፣ ለመምረጫ ፈተናው ማለት ነው፣ ሦስት ሳምንት ነበረን፤ እኔ አሠልጣኝ ሆንኩ። አትሳቁ! ከቪዲዮ አይቼ እንደገባኝ ነገሩ ሦስት ነው። መጮህ፣ ጥርስ እስኪታይ መሳቅ፣ ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት። ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ድምፅሽን ቀንሺ፣ አትገልፍጪ፣ ትልቅ ሰው ላይ አታፍጥጪ» እያልን ያሳደግናት እኛው ነን! አሁን በሦስት ሳምንት ውስጥ ልናፈርሰው ነው። ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አቆምኳትና «ጩሂ!» አልኳት። የወጣው ድምፅ ከፍሪጃችን ያነሰ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወሎ ውስጥ መንዙማ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ነገር ሊያጣው አይችልም። አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውራጁ ድምፁ የሚያምረው ተቀባዩ ከልቡ ሲቀበለው ነው። ቺርሊዲንግ የሚሉትም እሱው ነው፣ ሱሪው ጠበብ አለ እንጂ! እሷ «ብሉ!» ትላለች፣ ሕዝቡ «ዋይት!» ይላል፤ የትምህርት ቤቱ ቀለሞች ናቸው። (እኔ ብሉ ሲሉኝ እጄን ታጥቤ መቅረብ ነው የማውቀው፤ ግን ለልጅ ሲባል ምን የማይለመድ አለ?) «አንቺ አውርጂ፣ እኔ እቀበላለሁ» አልኳት። በየቀኑ ከሥራ መልስ «ብሉ!»... «ዋይት!»... «ብሉ!»... «ዋይት!»... በአሥረኛው ቀን ድምፅ መጣ፣ ጥርስም መጣ።

እግር ማንሳቱን ላሳያት ስል ግን ሱሪዬ ከኋላ ተተረተረ። ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ጋሼ ይማም ከመስጊድ ሲመለሱ የደረሱት። አንድ እጄ ሰማይ ላይ፣ አንድ እጄ ሱሪዬ ላይ ሆኖ አገኙኝ።

«አንተ ሰው፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ልጅ እያስጠናሁ ነው።»

«ሒሳብ ነው?» ብለውኝ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ገቡ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ።

ትራይአውቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ኮቿ ወላጆችን ሰብስባ «እስኪ ስለ ልጆቻችሁ ንገሩኝ» አለች። አንደኛዋ እናት ተነስታ «የኔዋ አስገራሚ ናት! ሳትራመድ ነው መገለባበጥ የጀመረችው» አለች። ሌላው አባት «የኔዋ ኮከብ ናት፣ ለመሪነት የተፈጠረች» አለ። እኔ ለነሱ አፈርኩላቸው። እንዴት ሰው የገዛ ልጁን እንዲህ በአደባባይ ይሸጣል? ተራዬ ደረሰ። ሐያት አጠገቤ ናት። ከወገቤ ጎንበስ አልኩና በአባቴ ጥበብ ጀመርኩ።

«የኔ ልጅ እንኳ ምንም አትችልም። ድምፅም የላት፣ እግሯም አይነሳም። እንደው ይቅርታ አድርጉልን። ካልሆነም ዳር ቆማ ውሃም ቢሆን ታቀብል።»

ኮቿ ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ትሕትናዬ የተመዘገበልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሐያት ወደ መስኮቱ ዞረች። ቤት ልንደርስ ስንል ነው የተናገረችው። «ዩ ቲንክ አይም ናቲንግ።» ምንም የማትረባ ናት ብለህ ነው የምታስበኝ ማለቷ ነው።

«ኧረ በፍጹም! ባህል ነው እኮ! አያትሽ እኔን ራሱ ደነዝ ነው...»

«ስለዚህ አንተም አለቀስክ?»

ይኼንን በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። እንግሊዝኛው ይሻለኝ ነበር። እውነትም አልቅሼ ነበር፤ በርኖስ ለብሰው የተቀመጡት ሼኽ ፊት አንገቴን ደፍቼ፣ ማንም ሳያየኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ብልሃቱን እንጂ እንባውን አላስታወስኩትም ነበር። በማግስቱ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ሐያት አልወጣችም። በሁለተኛውም ቀን አልወጣችም፤ ይባስ ብላ «አልሄድም፣ ኮቿ ምንም እንደማልችል ታውቃለች» ብላ ለእናቷ ነገረቻት።

ዘሃራ እኔን አየችኝ። እናንተ ያገባችሁ ሰዎች ያንን አስተያየት ታውቁታላችሁ!

የሐያትን በር አንኳኳሁና ገባሁ። «ሐያት፣ ውሸቴን ነው» አልኳት። «ጎበዝ ነሽ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከፍሪጅ ድምፅ ተነስተሽ ጎረቤት በመስኮት እስኪያይሽ ደርሰሻል። እንዳንቺ የምኮራበት ነገር የለኝም። ይህን ለሰው መናገር ስለማላውቅበት ነው።» ላብ በላብ ሆንኩ፤ ኮንቴይነር ሙሉ ዕቃ በእጄ ያወረድኩ ያህል ነው የደከመኝ። «ዩ ዲድ ሪፕ ዩር ፓንትስ ፎር ሚ» አለች፤ ለኔ ብለህ ሱሪህን እንኳ ቀደሃል ማለቷ ነው። በነጋታው ለትራይአውቱ ሄደች።

ወላጆች የትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይችላሉ፤ ግን ኮቿ «ዳኞቹ እንዳይረበሹ እባካችሁ ድምፅ አታሰሙ» ብላ አስጠነቀቀችን። ልጆቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። «ብሉ!» ሲሉ፣ ተራ የሚጠብቁት ጓደኞቻቸው «ዋይት!» እያሉ ይቀበሏቸዋል። ያችኛዋ ሳትራመድ የተገለባበጠችው መጣችና ግማሹ ጂም ተቀበላት።

ሐያት ወጣች። ቀና አለች፣ ሳቀች፣ ዳኞቹን ዓይን ዓይናቸውን አየች።

«ብሉ!»

ዝም።

ማን ይቀበላት? ማን ያውቃታል? ፈገግታዋ መርገብ ጀመረ። እንደገና «ብሉ» አለች፤ የፍሪጁ ድምፅ ተመልሶ መጣ። እንግዲህ ፍረዱኝ! አውራጅ ሜዳ ላይ ብቻዋን ቀርታ ተቀባይ እንዴት ይቀመጣል?

ብድግ ብዬ «ዋይት!» አልኩ። ጂሙ አስተጋባ። ዳኞቹ ሦስቱም ዞሩ። ዘሃራ ጃኬቴን ያዘች፤ ልታስቀምጠኝ መስሎኝ ነበር... ተደግፋኝ ተነሳችና፣ ያቺ በስልክ እንኳ በሹክሹክታ የምታወራ ሴት፣ «ዋይት!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አንዷ ተቀበለች፣ ከዚያ ሁሉም። ሐያት ጉሮሮዋ ተከፈተ፣ እግሯም ተነሳ። ትንሽ ተጣሞ ነው የተነሳው፤ ግን ተነሳ!

ሲያልቅ ኮቿ ወደኔ መጣች። «ዝም በሉ ብለን ነበር» አለች፤ ሳቋን ግን ልትደብቀው አልቻለችም።

«ይቅርታ» አልኩ፣ ሳላጎነብስ። «ያን ቀን የተናገርኩትንም ሰርዢልኝ። ልጄ ጎበዝ ናት።» ሰው ሁሉ ይሰማኛል። ሐያትም ትሰማኛለች።

ዓርብ ዕለት ስም ዝርዝሩ ወጣ፤ ስሟ አለ! ምድቧ «ቤዝ» ይላል። ቤዝ ማለት ከታች ቆማ ሌሎቹን ወደ ላይ የምታነሳዋ ናት አለችኝ። ውሃ ታቀብል ያልኳት ልጅ ሰው ልታነሳ! ሰኞ በምሳ ሰዓት ፎቶ ላከችልኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሳህን የድንች ጥብስ፣ በዙሪያው የተዘረጉ ስድስት እጆች። አንዱ የልጄ ነው። ሥራ ቦታ ማረፊያው፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ሆኜ ደጋግሜ አየሁት።

ማታውን ጋሼ ይማም ደወሉ። ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ ወገባቸው አወሩ፣ መጨረሻ ላይ «ያቺ ልጅህስ እንዴት ናት?» አሉኝ።

ምላሴ በልማዱ «ኧረ ምንም አትል...» ብሎ ሲጀምር ሐያት ከሶፋው ላይ አሳለች። ገባኝ። ደረቴን ነፋሁ።

«ጋሼ፣ የኔ ልጅ እንደሷ ያለ የለም! ብርቱ፣ ጨዋ፣ ሰው አንሺ! አላህ እሷን የመሰለች ልጅ ስለሰጠኝ ሌት ተቀን አመሰግነዋለሁ!»

ከዚያ የጋሼ ይማም ድምፅ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ምን አገኛት? ጠዋት ባስ ስትጠብቅ አይቻት አልነበረም እንዴ?»