የአንደኛ ዓመቱ ክቡር ኢንጂነር

ኢንጂነር የሚኮነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ተምሮ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቀን እናት ስልኳን አንስታ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ኢንጂነር ሆነልኝ!» ስትል ነው። ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ነው፤ ሒሳብም ፊዚክስም አይጠይቅም። በዚህ መንገድ የተመረቀ አንድ ሰው የሌለበት የአንደኛ ዓመት ክፍል የለም፤ ካለም ምዝገባው ገና አልተጠናቀቀም ማለት ነው።

ላጲስ የምትባለዋ ልጅ ጠረጴዛ የተጋራችው ከእንዲህ ያሉ ክቡር ሰው ጋር ነበር። ላጲስ ያሏትም እሳቸው ናቸው፤ ያሰመረችውን መስመር ሁሉ ተጠራጥራ ስለምታጠፋ። ድሮዊንግ በሚባለው የምህንድስና ንድፍ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚቀመጡት። በመጀመሪያው ቀን እሷ እርሳሷን ስትቀርጽ ክቡር ኢንጂነር አንጋጠው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ያንን ስንጥቅ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ይሄ ሕንፃ አይቆይም። ጻፊልኝ።»

«ቀለሙ እኮ ነው የተሰነጠቀው።»

«እኔም የምለው ይሄንኑ ነው» አሉ ኢንጂነር፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ይህች አነጋገር ከአፋቸው ጠፍታ አታውቅም። የመኝታ ክፍላቸው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ «ለዚህ ለዚህማ ሰው አይጠራም» ብለው የቧንቧ መፍቻ ተውሰው ገቡ፤ ከአፍታ በኋላ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ሱሪውን ጠቅልሎ ጫማውን በእጁ ይዞ ቆመ። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ «ማጥበቅ ሲገባህ ፈታኸው እኮ ወንድሜ» ሲላቸው ምን እንዳሉ መቼም ይታወቃል። ምግብ ቤት ውስጥ የሚወዛወዝ ወንበር ካዩ የተቀመጠበትን ሰው አስነስተው፣ ወንበሩን ገልብጠው፣ ስለ ሚዛን ያስረዱና ሳይጠግኑት ይሄዳሉ። ሰውየው ቆሞ ይበላል።

ቤተሰባቸው ግን ከልቡ አምኗቸዋል። የኢንጂነር ስልክ ጆሮ ላይ ሲያደርጉት ስለማይሰማ የሚያወሩት በድምፅ ማጉያው፣ ለሁሉም እየተሰማ ነው። እናታቸው በእረፍት ሰዓት ይደውላሉ። «ኢንጂነሬ፣ አጎትህ አንድ ክፍል ሊጨምር ነው፤ መስኮቱን በየት በኩል ያድርገው?» ይላሉ። እሳቸውም ቦታውን ሳያዩ መስኮቱን ወደ ምሥራቅ ያዞሩታል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ላጲስም ትስቅ ነበር፤ ግን የእናትየውን ድምፅ ስትሰማ ሳቋ ቶሎ ያልቅባታል።

ጉድ የመጣው በድሮዊንግ ነው። መምህሩ ደረጃ የመሰለ የእንጨት ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ከፊት፣ ከላይና ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ሣሉ ይላሉ። በዚያ ክፍል ሕግ ከላይ የታየው የሚሣለው ከፊት ከታየው በታች ነው። ኢንጂነር ይህን ጨርሰው አልተቀበሉም።

«ከላይ ያየሁትን እንዴት ታች አስቀምጣለሁ? ሰው ይታዘበኛል!»

«ከላይ መብራት ብታበራበት ጥላው የት ይወድቃል?» አለች ላጲስ፣ በስልኳ መብራት እያሳየች።

«መሬት ላይ።»

«በቃ፣ ታች የምትሥለው ለዛ ነው።»

«እኔም የምለው ይሄንኑ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ እርሳሳቸውን አንስተው ላይ ይሥሉታል።

እሳቸውን ለማሳመን ስትል ላጲስ ነገሩን ከፊትም ከኋላም፣ ከመብራትም ከመስታወትም አንጻር አስረዳች። ሳታውቀው መጠራጠር ተወች፤ ላጲሷም አላልቅ አለ። ፈተናው ሲመጣ እሷ አለፈች፤ ክቡር ኢንጂነር ወደቁ። የሌላው ትምህርት ውጤታቸውም የሚያኮራ አልነበረም፤ አንድ ድጋሚ ፈተና ብቻ ተፈቀደላቸው፤ እሱን ከወደቁ ከዩኒቨርሲቲው ይሰናበታሉ። ለእናታቸው «ቀላል ነው፣ ለወጉ ያህል ነው» አሏቸው። ላጲስ ወደ ቤቷ መሄዷን ትታ ስታስጠናቸው ሰነበተች።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሰው ልጅ ነው።

ድጋሚ ፈተናውን ተፈተነ። ላጲስ ውጭ ጠበቀችው። ሲወጣ ፊቱ በርቶ «ታች አደረግኩት!» አላት። ልታቅፈው ምንም አልቀራት። «ከዚያ ግን» አለ፣ «ልወጣ ስል ሳየው ደስ አላለኝም። አጥፍቼ ላይ መለስኩት።» ያጠፋበትንም ላጲስ ጠዋት ያዋሰችው እሷው ነበረች።

ውጤቱን መምህሩ ራሳቸው ከላጲስ በቀር ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ነገሩት። ቁጣም ስብከትም አልጨመሩ፤ ትከሻውን ነክተውት ወጡ። እሱ የስዕል ሰሌዳውን ይወለውል ጀመር፤ ሰሌዳው ንጹሕ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«ኢንጂነሬ! እንዴት ሆነልህ?»

ላጲስ «ቀላል ነበር» እንዲል ጠበቀች። እንዲዋሽም ፈልጋ ነበር፤ ዛሬን እንኳ ይደር ብላ።

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በስሜ ጥሪኝ።»

ከወዲያ በኩል የሚሰማው የቴሌቪዥን ድምፅ ተዘጋ።

«ወደቅክ እንዴ ልጄ?»

«ወደቅኩ። ልወጣ ነው።»

እናትየው «ኢን...» ብለው ጀመሩና ዋጡት። ከዚያ በስሙ ጠሩት። አፋቸው ስሙን የረሳው ይመስል ቀስ ብለው፣ እያቆላመጡ ጠሩት። «በል ና። ሻንጣው ከከበደህ እዛው ተወው። አንተ ብቻ ና።»

«እሺ እማዬ።»

ስልኩ ሲዘጋ ላጲስ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አብሯት ስንቱን ሲከራከር የከረመው ልጅ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ኪሱን ዳብሶ መሐረብ አጣና የራሱን እጅጌ ዘረጋላት።

«አንቺ አልፈሽ የለም እንዴ? ምን ያስለቅስሻል?»

«ከማን ጋር ልማር ነው እንግዲህ?» አለችው።