ልጄ የምትጀምረው መቼ ነው?

ዕለት፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት (ሰብሳቢው «በሰዓቱ ጀምረናል ብለህ ጻፍ» ስላሉ ነው እንጂ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር)።
ቦታ፦ ከጫማ ጠጋኙ በላይ ያለው የድምፅ መቅረጫ ክፍል።
የተገኙ፦ የስቱዲዮው ባለቤት (ሰብሳቢ)፤ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ባለሙያ፣ በቅጽል ስሙ «ጠቅ አርገው»፤ ዘፋኟ፤ ከበሮ መቺው፣ ሥራውን ኮምፒውተር ወስዶበት እጁ ባዶ ሆኖ ስለተገኘ ጸሐፊ የተደረገ። የዘፋኟ እናት በታዛቢነት። አራቱም አባላት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የእናትየው አቤቱታ

እናትየው ያለቀውን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ካዳመጡ በኋላ «ልጄ የምትጀምረው መቼ ነው?» ብለው መጠየቃቸውን ሰብሳቢው በቅሬታ አስታወሱ። ዘፋኟ ዘፈኑ ለእናቷ የተዘፈነ መሆኑን፣ ነገ ጠዋት ለሬዲዮ መሰጠት እንዳለበት፣ እናቷ ካላወቋት ግን ለማንም እንደማትሰጥ ገለጸች። ይህን ስትናገር እንባዋ መጥቷል።

ጠቅ አርገው በዘፈኑ ላይ አርባ ሦስት የኮምፒውተር ማሳመሪያ መጫኑን ጠቅሶ በስንፍና እንደማይታማ አስረዳ። ጸሐፊው ከበሮ የሚባል ነገር እንደነበር ለማስታወስ እጁን ቢያወጣም ዕድል አልተሰጠውም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ዘፋኟ በደንብ እንድትታወቅ ስድስት ማሳመሪያ እንዲጨመርና እናትየው ጆሯቸውን እንዲታዩ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ጸሐፊው እየጻፈ ነበር) ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ማሳያ

እናትየው «የኔን ጆሮ ተዉትና እስቲ መጀመሪያ የጫናችሁትን አራግፉ» በማለታቸው፣ ጠቅ አርገው ልጅቷ ከሥር እንዳለች ለማሳየት ማሳመሪያዎቹን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር። ሃያኛው ሲነሳ ድምፁ ቀጠነ። አርባኛው ሲነሳ ሰብሳቢውን ላብ አጠመቃቸው። አርባ ሦስተኛው ሲነሳ የቀረው የጠቅ አርገው ወንበር ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ሲመረመር የዘፋኟ ድምፅ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ከመጀመሪያውም ተዘግቶ ኖሯል። በሌላ ማይክ የገባውን የወንበር ድምፅ ኮምፒውተሩ አቃንቶና አለስልሶ አዘፍኖታል፤ እኛም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስናጨበጭብለት ከርመናል። ሰብሳቢው «ሁለተኛው ስንኝ ላይ እኮ አልቅሼ ነበር» ካሉ በኋላ ይህ እንዳይመዘገብ አሳስበዋል። ጠቅ አርገው «ወንበሩ ቢያንስ ቅኝት አይስትም» ብሎ ቢከራከርም ሰሚ አላገኘም።

የዘፋኟ ቅጂ ምንም ሳይነካ ተከፈተ። ትንፋሿ ይሰማል፤ መጨረሻው አካባቢ ድምጿ ስንጥቅ ይላል። እናትየው ልጃቸውን አቅፈው «እቺው ናት፣ የኔ ልጅ» አሉ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መጻፍ አልቻለም።

ጠቅ አርገው «ስንጥቋን ብቻ ልድፈናት» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ሲጠጋ እናትየው «እጅህን ሰብስብ!» አሉት።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ዘፈኑ እንደተዘፈነ ለሬዲዮ እንዲሰጥና «እጅህን ሰብስብ» የሚለው የታዛቢዋ ቃል የስቱዲዮው መተዳደሪያ ደንብ እንዲሆን ተወስኖ ጉባኤው በአሥር ሰዓት ከሩብ ተበትኗል። ውሳኔው የጸደቀው በሙሉ ድምፅ ሲሆን፣ ጠቅ አርገው እጁን ማውጣት ስለፈራ በአፉ ደግፏል።