ኮከብ ዋስ ይሆናል ወይ?

እናንተዬ፣ በቅሎ ሲገዛ ዋስ የሚጠራ ሞልቷል፤ ሶፍትዌር ሲገዛ ዋስ የሚጠራስ አይታችኋል? የሞጣው አጎቴ ጋሽ ሙሉ ናቸዋ! የግንባታ ዕቃ ሱቃቸው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። እሳቸው መጋዘን ገብተው አንዲት የበር ማጠፊያ እስኪያገኙ፣ ደንበኛው ከጎረቤት ገዝቶ በሩን ገጥሞ ይጨርሳል። መቼም በምኖርባት በቢቸና ለኮምፒውተር ከእኔ ወዲያ ላሳር ነውና፣ ሞጣ ደርሼ የኢንተርኔቱን የሶፍትዌር ገበያ ከፈትኩላቸው። ምን ዕቃ የት እንዳለ የሚናገር አንድ ሶፍትዌር መረጥኩ።

"ሻጩ የታለ?" አሉኝ።

"ባሕር ማዶ ነው፣ ጋሼ።"

"ዋሱስ?"

"ይኸው፣ ገዢዎቹ አምስት ኮከብ ሰጥተውታል!"

"አንተ ቀልማዳ! ነገ ቢሰወር ኮከብ አንቄ ልይዝ ነው?"

ምን ላድርግ? የገዢዎቹን አስተያየት ሳገላብጥ አንድ የደጀን ነጋዴ ስሙን ከነስልኩ ጽፎ አገኘሁ። ደወልንለት።

"ዋስ ትሆነኛለህ?" አሉት ጋሼ ኮስተር ብለው።

ሰውዬው ሳቀ፤ ከዚያ "እሆናለሁ" አለ። ያኔውኑ ገዙ።

ዛሬ ማጠፊያ የጠየቀ ሰው አፉን ሳይዘጋ ይሰጠዋል፤ ጎረቤትም ሄዶ የሚቀር ደንበኛ የለም። ጋሼም በተራቸው ከነስልካቸው አስተያየት አስጻፉኝ። ትናንት ከየጁቤ አንድ ነጋዴ አንብቦት ደወለ። ጋሼ ተነስተው ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አጣፉና በስልኩ ጮኹ፦

"ግዛው፣ ልጄ! ቢከዳህ ሞጣ ናና እኔን ያዘኝ!"